ለቢሮ የውስጥ ድረ ገጽ የቱ ይሻላል? ድሬዳዋና ሐረር ላሉ አነስተኛ መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀ ንጽጽር

ድሬዳዋ ከዚራ ያለ አንድ የትራንዚት ቢሮ እናስብ። አሥራ አራት ሠራተኞች አሉት፤ ስድስቱ ቢሮ ይቀመጣሉ፣ አራቱ ደረቅ ወደብ ይውላሉ፣ ሁለቱ ደወሌ ናቸው፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ ሾፌር። ሥራው ሁሉ የሚሄደው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተለጠፈው አዲስ የአገልግሎት ዋጋ ዝርዝር ስድስት ሰዓት ሳይሆን ከሰባ መልእክት በታች ይቀበራል። ደረቅ ወደብ ያለው ልጅ ወደ ላይ እየጎተተ ሲፈልግ ያለፈውን ወር ዝርዝር ያገኛል። ስሙም መልኩም ከአዲሱ ጋር አንድ ስለሆነ ለደንበኛው ያንኑ ይነግራል። ልዩነቱን የሚሸከመው ቢሮው ነው።

ወሬ በማድረስ ቴሌግራምን የሚያህል የለም። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ ኮኔክሽን ሲደክምም ይታገላል። የአንድን ሰነድ የመጨረሻ ቅጂ ሁልጊዜ በአንድ አድራሻ አስቀምጦ መጠበቅ ግን አይችልም። ለዚህ የሚሆነው ኮድ ሳይጻፍ የሚሠራ የውስጥ ድረ ገጽ ነው። ግሩፑ እንዳለ ይቀጥላል፤ ገጹ ደግሞ ሁሉም ሰው ተመልሶ የሚመጣበት ሰሌዳ ይሆናል።

መሣሪያው ብዙ ነው። እዚህ አምስቱን እናያለን፦ ጎግል ሳይትስ፣ ኖሽን፣ ሼርፖይንት፣ ዎርድፕሬስ እና ዶኩዊኪ። የየትኛው ገጽ ያምራል የሚለውን ለጊዜው እንተወው፤ ቢሮን የሚያስቸግረው ሌላ ነው። መጀመሪያ፣ ገጹ ላይ የሚጽፈው ማን ነው፣ በስልክ ነው ወይስ በኮምፒውተር? ቀጥሎ፣ ኔትወርክ ወይም መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ከዚያ ክፍያ ካለ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማን ጋ ነው ያለው? በመጨረሻም ገጹን የሠራው ሰው ሥራ ቢለቅ ቁልፉ ማን ጋ ይቀራል? እነዚህን አራቱን በወረቀት መልሳችሁ ከጀመራችሁ ግማሹ ምርጫ አልቋል።

ጎግል ሳይትስ

አሁን ያለው ቅርጹ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ጂሜይል ያለው ሰው ሁሉ በነጻ ይጠቀምበታል። በነጻው አካውንት ላይ ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው። አንድ የስካን ገጽ 2 ሜጋባይት ቢይዝ ከሰባት ሺህ ገጽ በላይ ይገባል ማለት ነው። በስልክ ካሜራ ተነስቶ አምስት ሜጋባይት የሚመዝን ከሆነ ግን ሦስት ሺህ ላይ ይሞላል። ስለዚህ ሠራተኞች የኢንቮይስ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ የድራይቭ አፕ ውስጥ ባለው ስካነር ወደ ፒዲኤፍ ቢቀይሩት ይሻላል፤ ጽሑፉም ይጠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቢሮው ስም አዲስ ጂሜይል ክፈቱ። በሥራ አስኪያጁ ወይም «ኮምፒውተር በሚያውቀው ልጅ» የግል ጂሜይል ፈጽሞ አትጀምሩ። በዚያ አካውንት ድራይቭ ውስጥ አንድ ትልቅ ፎልደር፣ በውስጡም ሁለት ንዑስ ፎልደር አድርጉ፤ አንዱ ሁሉም የሚያየው፣ ሌላው ሒሳብና አስተዳደር ብቻ የሚያየው። የዋጋ ዝርዝሩን፣ የኮንቴይነር መከታተያውንና የስልክ ዝርዝሩን በጎግል ሺት አዘጋጅታችሁ ሁሉም በሚያየው ፎልደር ውስጥ አኑሩ። ከዚያ ሳይቱን ክፈቱና አምስት ገጽ ብቻ ሥሩ፦ መነሻ፣ ዋጋና ታሪፍ፣ የጭነት ክትትል፣ ፎርሞች፣ ስልኮችና ተረኞች። ከአምስት በላይ ከሆነ ሰው መፈለግ ይጀምራል፤ ፈልጎ ሲያጣ ደግሞ ወደ ግሩፑ ተመልሶ «ዋጋው ስንት ነበር?» ይላል።

ሰንጠረዡን ኮፒ አድርጋችሁ ገጹ ላይ አትለጥፉ። ኢንሰርት ከሚለው ዝርዝር ሺቱን ራሱን አስገቡት። በዚህ መንገድ የገባ ሺት ዋናው ላይ ሲቀየር ገጹም ላይ ይቀየራል፤ ገጹን መንካት አያስፈልግም። ኮፒ የተደረገ ሰንጠረዥ ግን በተለጠፈበት ቀን ይቀራል፣ ያኔ ከቴሌግራሙ ችግር አልወጣችሁም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የሳይቱ ፈቃድና የሺቱ ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። ሳይቱን ለአሥራ አራቱም ሠራተኞች ከፍታችሁ ሺቱን ካልከፈታችሁ፣ ደረቅ ወደብ ያለው ልጅ ገጹን ሲከፍት ርእሱ ይታየዋል፤ ሰንጠረዡ በሚኖርበት ቦታ ግን ፈቃድ ጠይቅ የሚል ግራጫ ሳጥን ብቻ ያገኛል። እናንተ የሁሉም ባለቤት ስለሆናችሁ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። መፍትሔው ፋይል በፋይል ሼር ማድረጉን ትቶ ፎልደሩን ሼር ማድረግ ነው፤ ፎልደሩ ውስጥ የሚገባ አዲስ ፋይል ፈቃዱን ይወርሳል። ከዚያ የሌላ ሠራተኛ ስልክ ተቀብላችሁ እዚያው ከፍታችሁ እዩ። ይህን ፍተሻ ሳታደርጉ ሊንኩን ለግሩፑ አትላኩ።

ሁለተኛው ስሕተት ፐብሊሽ የሚለውን መርሳት ነው። ሳይትስ ላይ የጻፋችሁት ነገር እንደ ረቂቅ ይቀመጣል፤ ሰው የሚያየው ፐብሊሽ ሲጫን ብቻ ነው። አንዱ ሠራተኛ ማስታወቂያ ጽፎ «ለጥፌዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «አልታየኝም» ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም አድካሚው ነው። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ጂሜይል ራሱ አልከፈተውም፤ ስልኩን የሸጠለት ሱቅ ከፍቶለታል፣ ፓስዎርዱንም አያውቀው። ሌላው ደግሞ ስልኩ ላይ ሁለት አካውንት አለ፤ እናንተ ፈቃድ የሰጣችሁት ለአንዱ ነው፣ ብሮውዘሩ የተከፈተው በሌላው ነው። ስለዚህ ከሠራተኛው ኢሜይል በቃል አትቀበሉ። ስልኩን ከፍቶ አካውንቱን ከስክሪኑ ላይ ያሳያችሁ፣ ከዚያ መዝግቡ። ፓስዎርዱን የማያውቅ ሰው በራሱ ስልክ ቁጥር አዲስ ይክፈት። ለአሥራ አራት ሰው ይህ ሥራ አንድ ሙሉ ከሰዓት ይፈጃል፤ ተዘሎ ቢቀር ግን በየቀኑ «አልከፍት አለኝ» እየተባለ ሳምንታት ይበላል።

የሳይትስ ትክክለኛ ድክመት ሁለት ነው። ገጹን ማዘጋጀት ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ በስልክ ማየት እንጂ መሥራት አይመችም። በዚህ ምክንያት ደወሌ ያለው ሰው ገጹ ላይ እንዲጽፍ አትጠብቁ። ለእሱ ጎግል ፎርም ሥሩለት፦ የኮንቴይነር ቁጥር፣ የደረሰበት ቀን፣ ያለበት ሁኔታ፣ አስተያየት፤ አራት ጥያቄ ይበቃል። የሞላው መልስ በቀጥታ ወደ ሺት ይገባል፣ ሺቱም ገጹ ላይ ይታያል። ሌላው ድክመት ያለ ኢንተርኔት አለመከፈቱ ነው። ሺቱን ግን በስልክ የሺትስ አፕ «ያለ ኢንተርኔት እንዲገኝ» ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል። የዋጋ ዝርዝሩን እያንዳንዱ ሠራተኛ እንዲህ ቢያደርገው ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓትም ዋጋ ይናገራል።

አንድ ነገር እንጨምር፦ የስልክ ስክሪን ጠባብ ነው። አሥራ ሁለት ዓምድ ያለው ሺት ገጹ ላይ ሲገባ የሚታየው ሦስቱ ብቻ ናቸው። ለእይታ የሚሆነውን ሺት ከአምስት ዓምድ አታሳልፉት፤ ሰፊውን ለሒሳብ ክፍል ተዉት።

ዶኩዊኪ

ይህ ከሌሎቹ በጣም የተለየ ስለሆነ ቀጥሎ መምጣቱ ይገባዋል። ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዳታቤዝ አይፈልግም፤ እያንዳንዱን ገጽ እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጠዋል። ከሁሉ በላይ ግን ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በቢሮው ዋይፋይ ብቻ መሥራት ይችላል። ኢንተርኔቱ ቢጠፋ ገጹ አይጠፋም።

ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ለሚውልበት ቦታ፣ ለወርክሾፕ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለዱቄት ፋብሪካ፣ ከዚህ የሚሻል የለም ብለን እናምናለን። ሰርቨር (ገጹን ለሌሎቹ የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ለመሆን አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ላፕቶፕ የምንለው ባትሪ ስላለው ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። ራውተሩ ግን ይጠፋል። ስለዚህ ለራውተሩ ብቻ የሚሆን ባለ 12 ቮልት ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ግዙ፤ ከመግዛታችሁ በፊት የራውተራችሁ አስማሚ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ፣ አንዳንዱ 9 ቮልት ነው።

ሲጫን የሚከተሉትን አስተካክሉ። ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ፣ ሥራ ሲፈታም ስሊፕ እንዳይገባ አድርጉት። ራውተሩ ላይ ለዚያ ላፕቶፕ ቋሚ አይፒ (የማይለወጥ የኔትወርክ አድራሻ) ስጡት፤ ይህ ካልተደረገ ራውተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር አድራሻው ሊቀየር ይችላል፣ ሰውም «ዊኪው ተበላሸ» ይላል። ምዝገባውን ዝጉና ተጠቃሚዎችን ራሳችሁ መዝግቡ። የመጫኛውን ፋይል ሥራው ሲያልቅ አጥፉት። ባክአፕ ቀላል ነው፦ ገጾቹ ያሉበትን የዳታ ፎልደርና የቅንብሩን ፎልደር በየሳምንቱ አርብ ወደ ፍላሽ መቅዳት። ላፕቶፑ ቢቃጠል ሌላ ላይ መልሶ ለመገልበጥ ሁለቱ ፎልደሮች ይበቃሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ብልሽት ከፋይል መጠን ጋር የተያያዘ ነው። ዶኩዊኪ የሚሠራበት ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቅንብሩ ካልተነካ የሚቀበለው ትልቁ ፋይል 2 ሜጋባይት ነው። ባለ አራት ገጽ የቀለም ስካን ለመጫን ስትሞክሩ እምቢ ይላል። በፒኤችፒ የቅንብር ፋይል ውስጥ የአንድ ፋይል መጫኛ ገደቡንና የፖስት ገደቡን (በአንድ ጊዜ የሚላከውን ጠቅላላ መጠን) ሁለቱንም ወደ 20 ሜጋባይት ከፍ አድርጋችሁ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሡት። አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ ትንሹ ገደብ ይይዛችኋል።

ሁለት ሰው አንድ ገጽ በአንድ ጊዜ ለመጻፍ ቢሞክር ዶኩዊኪ ሁለተኛውን ያስቆመዋል፤ ቁልፉ የሚቆየው 15 ደቂቃ ነው። ይህ ጥበቃ ነው፣ ብልሽት አይደለም፤ ለሠራተኞች አስቀድማችሁ ንገሩ። የድሮ ቅጂዎችንም ሁሉ ስለሚያስቀምጥ ማን ምን እንደቀየረ መስመር በመስመር ያሳያል።

ሙቀቱን አትርሱ። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ቢሮው ተዘግቶ ሰው ሲያርፍ፣ መስኮቱም ተዘግቶ፣ ፋኑም ጠፍቶ፣ ያ ላፕቶፕ ብቻውን ይሠራል። ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ አጠገብ ካስቀመጣችሁት አይከርምም። መሬት ላይም አይቀመጥ፤ አቧራውን ፋኑ ይስበዋል። ከወለል ከፍ ያለ፣ ከጀርባው ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ያለው መደርደሪያ ይሁን፤ በየሦስት ወሩም የአየር መውጫው በብሩሽ ይጠረግ። ሐረር አየሩ ይቀዘቅዛል፣ እዚያ የሚያሳስበው አቧራው ብቻ ነው።

የዶኩዊኪ ገደብ ግልጽ ነው፤ ደወሌ ያለው ሰው አያገኘውም። ለእሱ ሲባል ላፕቶፑን ወደ ኢንተርኔት መክፈት ይቻላል ብሎ የሚመክራችሁ ባለሙያ ይኖራል። የጥበቃ ሥራውን በየሳምንቱ የሚከታተል ሰው ከሌላችሁ አትስሙት።

ኖሽን

በስልክ መጻፍን በተመለከተ ኖሽን ሳይትስን ይበልጠዋል። ገጽ፣ ሰንጠረዥ፣ የሥራ ዝርዝርና አስተያየት አንድ ላይ አሉት። ሐረር ጀጎል ውስጥ አምስት ሆነው የሚሠሩ አስጎብኚዎች የማን እንግዳ መቼ እንደሚመጣ፣ ማን በየትኛው በር እንደሚቀበል፣ ስንት እንደተከፈለ ለመያዝ ኖሽን ይስማማቸዋል።

ክፍያው ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። በነጻው ደረጃ አንድ ሰው ያለ ገደብ ይጽፋል። ሁለተኛ አባል ሲጨመር ግን ገደቡ 1,000 ብሎክ ይሆናል። ብሎክ ማለት አንድ አንቀጽ፣ አንድ ሥዕል፣ አንድ የሰንጠረዥ መዝገብ ነው። በቀን አሥር ኮንቴይነር የሚመዘግብ ቢሮ በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖረው 260 መዝገብ ይሆናል፤ ሌላ ምንም ሳይጻፍ አራት ወር ሳይሞላ አለቀ። ከዚያ በኋላ ክፍያው በሰው ቁጥር ነው፣ በየወሩ፣ በዶላር። ከዚህ ገደብ ሕጋዊ መውጫ አለ፦ አንድ ሰው ብቻ አባል ሆኖ ሌሎቹን እስከ አሥር ድረስ በእንግዳነት በየገጹ መጋበዝ። ለአምስት አስጎብኚ ይሠራል፤ ለአሥራ አራት ሠራተኛ አይበቃም።

በነጻው ደረጃ የአንድ ፋይል ገደብ 5 ሜጋባይት ነው፤ የገጽ ታሪክም ወደ ኋላ የሚያሳየው ሰባት ቀን ብቻ ነው። በስምንተኛው ቀን «ማን ነው ዋጋውን የለወጠው?» ብትሉ መልስ የለም። ለትራንዚት ቢሮ ይህ አንዱ ብቻ እምቢ ለማለት ይበቃናል።

ሼርፖይንት

ይህን የማይክሮሶፍት የድርጅት ገጽና ፋይል ማኖሪያ ለብቻው አትግዙት። መሥሪያ ቤታችሁ ቀድሞውኑ የማይክሮሶፍት 365 የቢሮ ጥቅል የሚከፍል ከሆነ፣ ለምሳሌ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት፣ ሼርፖይንት እጃችሁ ላይ ነው፤ ቲምስ (የማይክሮሶፍት የቡድን መገናኛ) ላይ አንድ ቲም በተፈጠረ ቁጥር ከጀርባው አንድ የሼርፖይንት ሳይት አብሮ ይፈጠራል። ቦታው ለድርጅቱ 1 ቴራባይት ሲሆን በእያንዳንዱ ተጠቃሚ 10 ጊጋባይት ይጨመርበታል። በስሕተት የጠፋ ፋይል ለ93 ቀን ተመልሶ ሊገኝ ይችላል፤ ጎግል ድራይቭ ላይ ግን 30 ቀን ነው።

ገጹ ከባድ ነው፤ በደካማ ኮኔክሽን ለመከፈት ይንቀራፈፋል። ማርከሻው በዋንድራይቭ ሲንክ ማድረግ ነው፤ ፎልደሩ ኮምፒውተሩ ላይ እንደማንኛውም ፎልደር ይቀመጥና ኢንተርኔት ሲመጣ ራሱ ይመሳሰላል። ሁለት ሰው ያለ ኢንተርኔት አንድን ፋይል ከቀየሩ ግን ሁለት ቅጂ ይፈጠራል። የኤክሴል መከታተያ ከሆነ የትኛው መስመር የማን እንደሆነ አስቀድሞ ተከፋፍሉ።

ሼርፖይንትን የሚያበላሸው ፈቃድ ነው። ፎልደሩ ፈቃዱን ከሳይቱ ይወርሳል፤ አንድ ሰው አንድን ፋይል ለብቻው ሼር ባደረገ ቁጥር ያ ውርስ ይቆረጣል። ከዓመት በኋላ ማን ምን እንደሚያይ የሚያውቅ አይኖርም። የተለየ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ሌላ ሳይት ክፈቱለት።

ዎርድፕሬስ

ዎርድፕሬስ ለውጭ ሰው ገጽ ለመሥራት ድንቅ ነው። ሐረር ያለ ሆቴል፣ ድሬዳዋ ያለ አስመጪ ለደንበኛው የሚያሳየው ገጽ ቢፈልግ በደስታ እንመክራለን። ለውስጥ ሥራ ግን አይሆንም የምንለው በአንድ ምክንያት ነው። አንድን ገጽ ፕራይቬት ብታደርጉትም፣ በገጹ ላይ የጫናችሁት ፒዲኤፍ የራሱ አድራሻ አለው፤ ያንን አድራሻ ያገኘ ማንም ሰው ያለ ፓስዎርድ ይከፍተዋል። የደንበኛ ኢንቮይስ እዚያ አይቀመጥም። በዚያ ላይ ሆስቲንግ (ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር)፣ የፕለጊን (የተጨማሪ ፕሮግራሞች) ማሻሻያ፣ ባክአፕ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል፤ ለስድስት ወር ያልታደሰ ዎርድፕሬስ ለሰባሪ የተከፈተ በር ነው።

አማርኛ ሲጻፍ የሚመጡ ችግሮች

ከየትኛውም መሣሪያ ጋር የሚመጡ፣ የመሣሪያዎቹ መመሪያ ግን የማያነሣቸው ጉዳዮች አሉ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ የተሠራ ገጽ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ቀን። ጎግል ሺት ላይ 2017-03-05 ብላችሁ ኅዳር 5ን ብትጽፉ፣ ሺቱ እንደ ፈረንጅ ቀን ቆጥሮ ይቀበለዋል። ችግሩ ሳይታይ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ጥቅምት 30 ግን 2017-02-30 ተብሎ ሲጻፍ በፈረንጁ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ሺቱ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች እንዲሁ። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል ደርድር ስትሉት የጥቅምት መጨረሻና የጳጉሜን ጭነቶች ከቦታቸው ተነሥተው ከታች ይከማቻሉ። መከላከያው አንድም መስመር ሳይጻፍ በፊት ዓምዱን መርጦ ፎርማት፣ ነምበር፣ ፕሌይን ቴክስት ማድረግ ነው። ዓመት-ወር-ቀን ብላችሁ፣ ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ከጻፋችሁ ጽሑፍ ሆኖም በትክክል ይደረደራል። የመርከብ ሰነዱ በፈረንጅ ቀን ስለሚመጣ ለእሱ ሁለተኛ ዓምድ ስጡት፣ ርእሱም ላይ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ለዩ። ሁለቱን አንድ ዓምድ ውስጥ የሚያቀላቅል ቢሮ የዴመሬጅ (ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚከፈል ቅጣት) ቀን ሲቆጥር ይሳሳታል።

ሰዓት። ገጹ ላይ የገባ የጎግል ካላንደር ለጠዋቱ 2 ሰዓት ስብሰባ 8:00 ብሎ ያሳያል። ጅቡቲ ያለው ሰው በፈረንጁ፣ ቢሮ ያለው በሐበሻው ያነበዋል። የስብሰባው ርእስ ውስጥ ራሱ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉት።

ሞክሼ ፊደል። «ፀሀፊ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ጸሐፊ» ተብሎ የተጻፈውን ገጽ አያገኝም፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» እንደዚሁ። ቢሮው አንድ አጻጻፍ ይምረጥ። ለሚዘወተሩት አሥር አሥራ አምስት ቃላት ደግሞ በገጹ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል ሌላውን አጻጻፍ ጨምሩ፤ ፍለጋው ያኔ በሁለቱም ያመጣል። ዶኩዊኪ ላይ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፦ ሙሉ ቃል ስለሚፈልግ «ዋጋ» ብትሉት «የዋጋው» የሚለውን ይዘለዋል። ከቃሉ ፊትና ኋላ ኮከብ ምልክት አድርጉ፤ *ዋጋ* ስትሉት ሁሉንም ያመጣል።

የገጽ አድራሻ። የገጹን ስም በአማርኛ ስትሰጡት አድራሻውም በአማርኛ ይሠራል። ቴሌግራም ላይ ሲላክ በመቶኛ ምልክትና በቁጥር የተሞላ፣ ሦስት መስመር የሚፈጅ ገመድ ይሆናል፤ ሰውም አጭበርባሪ የላከው ሊንክ መስሎት አይከፍተውም። ዶኩዊኪ ላይማ ጉዳቱ ከመልክ ያልፋል። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በፋይሉ ስም ውስጥ ዘጠኝ ምልክት ይይዛል፣ የፋይል ስም ደግሞ ከ255 ምልክት አያልፍም፤ ስለዚህ 26 ፊደል አካባቢ ላይ ስሙ ሞልቶ ገጹ አልቀመጥ ይላል። በሁለቱም መሣሪያ መፍትሔው አንድ ነው፦ አድራሻው በላቲን ፊደል አጭር ይሁን፣ በገጹ ላይ የሚነበበው ርእስ ግን አማርኛ። ሳይትስ ላይ ይህ የሚለወጠው በገጹ ቅንብር ውስጥ አድቫንስድ በሚለው ሥር ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ የሚያነብ ሠራተኛ ብዙ ነው። ሁሉንም ገጽ በሦስት ቋንቋ ማዘጋጀት አትጀምሩ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ አንዱ ይታደሳል፣ ሁለቱ ያረጃሉ። የደኅንነት መመሪያውንና የተረኛ ስልኩን ብቻ በሦስቱም ጻፉ።

ቁልፉ ማን ጋ ነው

የቢሮው ጂሜይል ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ኮዱ የሚላክበት ስልክ ቁጥር በቢሮው ስም የወጣ ሲም ይሁን። ጎግል አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣችኋል፤ በወረቀት አትማችሁ ከማኅተሙ ጋር ካዝና ውስጥ ቆልፉ። ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንት ጎግል ሊያጠፋው ስለሚችል፣ የቢሮውን አካውንት ማንም የማይገባበት «መጋዘን» አታድርጉት፤ ኃላፊው በየወሩ ይግባበት። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ላይ ከሚፈረሙት ፊርማዎች አንዱ «ከሳይቱና ከፎልደሩ ወጥቷል» የሚል ይሁን።

የደንበኛ ፓስፖርት፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የሕክምና ወረቀት ሁሉም በሚያየው ፎልደር ውስጥ አይግባ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የሚይዝ ድርጅት ኃላፊነት አለበት። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል» የሚለው ምርጫ ምቹ ነው፣ ፈቃድ የማስተካከሉን ድካም ሁሉ ያስቀራል። ለዋጋ ዝርዝር ችግር የለበትም፤ ለጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ግን ሊንኩ አንዴ ወደ ሌላ ግሩፕ ከተላከ መመለሻ የለውም።

የትኛውን እንምረጥ

መነሻችን ላይ ያለው የትራንዚት ቢሮ ሰዎቹ አራት ቦታ ተበትነዋል፣ ጽሑፉ ጥቂት ነው፣ ሰንጠረዡ ብዙ። ጎግል ሳይትስን ከሺትና ከፎርም ጋር ይውሰድ። ቴሌግራሙ ለወሬ ይቀጥል፣ የሳይቱ ሊንክ ከግሩፑ አናት ላይ ፒን ይደረግ። አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ወርክሾፕ ወይም ትምህርት ቤት ዶኩዊኪን ይትከል። ከአምስት ያልበለጡ፣ ሁሉን በስልክ የሚሠሩ ሰዎች ኖሽንን ይሞክሩ። ማይክሮሶፍት 365 የተከፈለለት ቅርንጫፍ ሌላ ነገር አይፈልግ።

ስትጀምሩ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አታዛውሩ። የዋጋ ዝርዝሩን ብቻ ሁለት ሳምንት ሞክሩ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ዋጋ የጠየቀ ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ የገጹ ሊንክ ብቻ ይሁን፤ ሥራ አስኪያጁም ጭምር ፎቶ አንሥቶ ግሩፑ ላይ አይለጥፍ። «አልከፍት አለኝ» ያለውን ሰው ስምና ስልኩ ላይ የታየውን ጽሑፍ በደብተር መዝግቡ። መዝገቡን ስታዩ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ የሺቱ ፈቃድ አልተከፈተም፣ ስልኩ በሌላ ጂሜይል ገብቷል፣ ወይም የዋጋው ገጽ ከመነሻው ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫኖ ነው የሚገኘው። የመጨረሻው ከሆነ የዋጋውን ቁልፍ ከመነሻው ገጽ አናት ላይ፣ በአውራ ጣት በሚደረስበት ቦታ፣ በትልቁ አድርጉት። የኮንቴይነር መከታተያው በሦስተኛው ሳምንት ይግባ።